በየማለዳው አረንጓዴ

ጡረታ ስወጣ የኮሌጁ ሰዎች የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ጡረተኛ ሰዓት ምን ያደርግለታል ብዬ በልቤ ብስቅም አመስግኜ ተቀበልሁ። ኬክ ተቆረሰ። የክፍሉ ኃላፊ ጋዲ ብድግ ብሎ «አስማማው ተማሪዎቻችንን ከመሣሪያው በፊት ሰውየውን ማየት አስተምሯል» አለና ሁሉም አጨበጨቡ። እኔም እንደ ሙሽራ አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ።

ከዚያ መሳቢያዬን ባዶ ላደርግ ወደ ቢሮዬ ስመለስ፣ ከድሮ የፈተና ወረቀት ሥር አንዲት ነጭ የላስቲክ ሣጥን ወጣች። የሳሙና ማስቀመጫ ታህላለች። ፊቷ ላይ ሁለት ቁልፎች አሏት፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ። በቀዩ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ ጠርዙ ጠቁሯል። እዚያ መኖሯን አልረሳሁም ነበር። አውቄ ነው ከወረቀት ሥር የደበቅኋት። የዚህችን ሣጥን ነገር ሳልናገር ያን ሰዓት ግድግዳዬ ላይ ብሰቅል ሌባ ነኝ፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

ሥራ የጀመርሁት ጎንደር ነው፤ የፊዚክስ መምህር ነበርሁ። ቤተ ሙከራ ስላልነበረን ኤሌክትሪክን በጠመኔ ነው ያስተማርሁት፤ አንድም ተማሪ ነዝሮት አያውቅም። ቤተሰባችን ወደ እስራኤል ለመምጣት ተመዝግቦ ዓመታት ጠበቀ። ከመጣን በኋላም በአዲስ ገቢዎች ማደሪያ ዕብራይስጥ ስንቆጥር ሌላ ጊዜ ሄደ። ኔታንያ ስንገባ ፊዚክሴን የጠየቀኝ የለም። ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሚገጣጥም ፋብሪካ ብየዳ ላይ ቆምሁ። ደሞዙ ቤት ያስተዳድር ነበር፤ ስለሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሩትን ያገኘኋት እዚያ ነው። የፋብሪካው አለቃ በእያንዳንዳችን ጠረጴዛ ላይ ትንሽ መብራት አስተክሎ ነበር፤ እጃችን ዘግየት ሲል ቀይ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሳምንት ሳይሞላ መብራቶቹ ሁሉ በፕላስተር ተሸፈኑ። አለቃው አበደ። «ሥራ ማጓተት ነው» ብሎ ጮኸና ከኮሌጅ አማካሪ አስመጣ። የመጣችው አንዲት አጠር ያለች፣ ፀጉሯ የነጣ፣ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ የሰካች ሴት ነበረች።

«ማን እንደለጠፈው አልጠይቅም» አለች። «ለምን እንደተለጠፈ የሚነግረኝ ሰው ነው የምፈልገው።»

እኔ አፌ አያርፍም። በተሰባበረ ዕብራይስጥ «መብራቷ ስትበራ እጅ ይቸኩላል። እጅ ሲቸኩል ብየዳው በደንብ አይያዝም። ዕቃው ከወር በኋላ ተበላሽቶ ይመለሳል» አልኋት። ከዚያም ጨመርሁ፤ «ደግሞ ሰው ፊት መብራት እየበራብህ መሥራት ውርደት ነው።»

እርሳሷን ከፀጉሯ መዝዛ የመጨረሻውን ብቻ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «አንተ ብየዳ ላይ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። እኔ የመሰለኝ የተቆጣችኝ ነው።

የምትሠራው ሥራ ያን ጊዜ ለኔ አዲስ ነበር። መሣሪያ የሚሠሩ ወጣቶችን መሣሪያው የሰውን ክብር፣ ምስጢር፣ እምነት ምን እንደሚያደርገው እንዲያስቡ ታስተምር ነበር። በሷ ግፊት ከሥራ መልስ ተምሬ የሀንዴሳይ፣ ማለት የተግባር መሐንዲስ፣ ወረቀት ያዝሁ። ከዚያ በቤተ ሙከራዋ ረዳት፣ ቆይቼም «ሰውና መሣሪያ» የሚባለው ትምህርቷ ላይ አስተማሪ ሆንሁ። በሰዓት የምከፈል ነበርሁ፤ በጋ ሲመጣ ተሰናበት፣ በዓል ሲያልፍ ተመለስ የሚል ወረቀት ለዓመታት ፈረምሁ። እሷን በስሟ ብቻ ለመጥራት ግን አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። እዚህ አገር አለቃን በስሙ መጥራት ነውር አይደለም፤ እኔን ግን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። «ዶክተር» ስላት «ማን ታመመ?» እያለች ዙሪያዋን ታይ ነበር።

የሩት ልማድ ሁለት ነበር፤ ሁለቱንም ወርሻለሁ ብዬ አስብ ነበር። አንዱ ፕላስተር መፈለግ ነው። «ሰው ፕላስተር በለጠፈበት ቦታ መሐንዲሱ ተሳስቷል» ትላለች። ሰው ቤት ስንገባ ዓይኗ የሚሄደው ወደ ሪሞቱ፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው፣ ወደ ስልኩ ነው፤ የታሠረ ክር፣ የተጣፈ ወረቀት፣ የተሸፈነ መብራት ትፈልጋለች። ሁለተኛው የውሃው ነገር ነው። ሰው ቤት ሄዳ ምንም ሳትጠይቅ «እባካችሁ ውሃ» ትላለች። ሰውየው ሲነሣ ጉልበቱን ታያለች፣ ቁምሣጥን ሲከፍት እጁን ታያለች፣ ሲቀዳ ዓይኑን ታያለች። ጠጥታ ስታበቃ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አየሩ ታወራለች። ከዚያ ሁለተኛ ብርጭቆ ትለምናለች። ደብተሯ ከቦርሳዋ የሚወጣው ሁለተኛው ብርጭቆ ሲያልቅ ብቻ ነው። «የመጀመሪያው መልስ ለእንግዳ የሚሰጥ ነው፤ እሱን አትጻፉት» ትለን ነበር።

እኔም ብዙ ዓመት እንዲሁ አስተማርሁ። ከሁሉ የምኮራበት አንድ የክሊኒክ ጉዳይ አለ። ተማሪዎቼ ለአንድ ክሊኒክ የወረፋ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ሠርተው ነበር፤ ማሽኑ ምንም እንከን የለውም። ግን ነርሷ «ቁጥር አሥራ ሁለት» ብላ ስትጠራ ሌላ ሰው ይገባል፤ የአንዱ መዝገብ ለሌላው ይከፈታል። ተማሪዎቹ ማሽኑን ሦስት ጊዜ ፈቱት። እኔ ግን ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲያዩ አዘዝኋቸው። በሁለተኛው ቀን ኢልያ የሚባለው ተማሪ እየሮጠ መጣ። «አስማማው፣ ሽማግሌዎቹ ቁጥራቸውን ይለዋወጣሉ! ከኢትዮጵያ የመጡት፣ የናንተ ሰዎች ማለቴ፣ በዕድሜ የሚበልጣቸው ሲመጣ ተነሥተው ወረቀታቸውን ይሰጡታል!» እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ታላቅ ቆሞ ታናሽ ሊቀድም? ማሽኑን አልቀየርነውም፤ ነርሷ ከቁጥሩ ጋር ስም እንድትጠራ ብቻ አደረግን። ያን ቀን ሩት ትከሻዬን መታ አድርጋ ሄደች።

ሩት ጡረታ ወጥታ ሰሜን ወዳለች ልጇ ስትሄድ ጋዲ ተተካ። ጋዲ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቸኳይ ነው። በየዓመቱ ከበዓል በፊት የተማሪዎች ሥራ ኤግዚቢሽን አለ፤ እንግዶች ይጋበዛሉ፣ ፎቶ ይነሣል። ጋዲ ለዚያ ቀን ነው የሚኖረው።

ሊያት የመጣችው በዚያ ዘመን ነው። ኔታንያ የተወለደች፣ ከእናት አባቷ ጋር እዚያው አጠገብ ክፋር ዮና የምትኖር፣ ወላጆቿ እንደኔው ከጎንደር የመጡ ልጅ ነበረች። አማርኛዋ ግማሹ ዕብራይስጥ ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች በስሜ ሲጠሩኝ እሷ እናቷ አስጠንቅቃት «መምህር» ትለኛለች፤ ግን «እርስዎ» ማለት አይሆንላትም፣ «መምህር፣ አንተ» ነው የምትለው። እወዳት ነበር።

የመመረቂያ ሥራዋ ያቺ ሣጥን ናት። ልጆቻቸው ማለዳ ሥራ ሲሄዱ ቤት ብቻቸውን የሚውሉ ሽማግሌዎች አሉን። ሣጥኗ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በአማርኛ ትጠይቃቸዋለች፤ ደህና ከሆኑ አረንጓዴውን፣ ካልሆኑ ቀዩን ይጫናሉ። መልሱ በልጅየው ስልክ ላይ ይታያል። የሚያነብ አያስፈልግ፣ ስልክ ማወቅ አያስፈልግ። ሰንበት እንዳይሻርም አስበንበታል፤ ዓርብ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ዝም ትላለች፣ ሰንበት ሲወጣ ትመለሳለች። በዚህ ምን ያህል እንደኮራን! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው የሆነው።

ቀዩን ቁልፍ ለክፍሉ ሳስረዳ «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» የሚለውን ተረት ወደ ዕብራይስጥ መልሼ ነገርኋቸው። በጣም ወደዱት። ድምፁን የቀዳሁትም እኔ ነኝ። ለስምንት ሽማግሌዎች፣ ለእያንዳንዱ በስሙ። ኤይን ሀትኽሌት በሚባለው የኔታንያ ሰፈር ለሚኖሩት ለአያ ፈንቴ «እንደምን አደሩ፣ አያ ፈንቴ?» ብዬ፣ ጎንበስ እንደማለት አድርጌ፣ በክብር። ሊያት ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ «ዋው፣ መምህር፣ ልክ እንደ ሳባዬ» አለችኝ። ሳባ አያት ማለት ነው።

ኤግዚቢሽኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ቢሮዬ መጣች።

«መምህር፣ ቤታቸው መቼ ነው የምንሄደው? ሁለት ብርጭቆ ውሃ አልጠጣንም።»

«የማን ቤት?»

«የሽማግሌዎቹ። አያ ፈንቴ፣ ሌሎቹም። አንተ እኮ ነህ ሁልጊዜ የምትለው።»

ጋዲ ያን ቀን ጠዋት ሁለት ጊዜ ደውሎልኝ ነበር። ግን ለመቸኮሌ በሱ አላሳብብም። የተሰማኝን አስታውሳለሁ፤ የተሰማኝ ኩራት ነው። «ሊያት፣ እነዚህ እኮ አባቶቼ ናቸው» አልኋት። «በነሱ እግር ሥር ነው ያደግሁት። ሄጄ የማየው የፈረንጅ ቤት ቢሆን ነበር። የነሱን ልብ ከኔ በላይ ማን ያውቃል?»

«አቫል፣ ግን፣ መምህር፣ በቶፌሱ ላይ "የቤት ጉብኝት" የሚል አለ። ምን ልጻፍ?» ቶፌስ የምትለው የኮሌጁን ቅጽ ነው።

«ተደርጓል በይ። እኔ ከሥሩ እፈርማለሁ።»

«ቤሴዴር»፣ እሺ፣ ብላ ምልክቱን አደረገች፤ እኔም ፈረምሁ። ሁለት ሰከንድ የፈጀ ነገር ነው።

ሣጥኖቹን ልጆቻቸው ከኮሌጁ ወስደው በስምንቱ ቤት ሰኳቸው። ኤግዚቢሽኑ አማረ፣ ፎቶ ተነሣን። የአያ ፈንቴ ልጅ ዝናሽ ፖሌግ ምግብ የሚያሽግ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ገና ሳይነጋ ነው የምትወጣው። ቀድሞ አባቷን ለማየት በእረፍት ሰዓቷ እየሮጠች ትመለስ ነበር። አሁን ስልኳ ላይ በየማለዳው አረንጓዴ ሲመጣላት ያን ሩጫ ተወች፤ ሲመሽ እስክትመለስም ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተው ነው የምታገኛቸው። አንድ ቀን ገበያ ላይ አግኝታኝ እጄን ሳመች። «አሳረፍኸኝ መምህር፤ ዕድሜህን ያርዝመው» አለችኝ።

አያ ፈንቴ የስኳር በሽተኛ ነበሩ። አንድ ማለዳ ጫማቸው ተረከዛቸውን ላጠው። ለማንም አልተናገሩም። ቁስሉ መገለ፣ እግሩ አበጠ። እሳቸው በየማለዳው አረንጓዴውን ተጫኑ። በአሥራ አንደኛው ቀን ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣቸው ዝናሽ እግራቸውን ገልጣ አየች። ሐኪሞቹ ሕይወታቸውን አተረፉ፤ እግራቸውን ግን ከጉልበት በታች ቆረጡት።

ይህን ሲነግሩኝ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ እግሩ አይደለም። መጀመሪያ ያሰብሁት ሣጥኗ ተበላሽታ ይሆን ብዬ ነው። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እንደዚያ ነው ያሰብሁት። ሊያት መዝገቡን አውጥታ ስታይ ሣጥኗ አንድም ቀን አልተሳሳተችም። ከአሥራ አንዱ ቀን ሰንበቷ ተቀንሳ አሥር ጊዜ ጠይቃለች፤ አሥር ጊዜ አረንጓዴ ተመልሶላታል።

ከሆስፒታል ሲወጡ ኤይን ሀትኽሌት ሄድሁ። ወደዚያ ቤት ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። አያ ፈንቴ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ጋቢያቸውን እስከ ወገብ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። በተቆረጠው እግራቸው እንኳ ሊነሡልኝ ሞከሩ።

«እንደምን ከረሙ፣ አያ ፈንቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ ደህና ከርመሃል? ቤተሰብ ደህና ነው?»

ያን ጊዜ ነው ዓይኔ መስኮቱ ሥር ወዳለችው ሣጥን የሄደው። ቀዩ ቁልፍ በፕላስተር ተሸፍኗል። ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ።

«አያ ፈንቴ፣ ይህን ማን ለጠፈው?»

«እኔ ነኛ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ስቼ ነክቼው ያችን ልጅ ከሥራዋ ላይ እንዳላስደነግጣት ብዬ ነው። ገና የተሰካች ዕለት ለጠፍሁት።»

«እግርዎ ሲያምዎ ግን... ሣጥኗ እኮ የምትጠይቅዎ ለዚያ ነበር። ለምን ቀዩን አልተጫኑም?»

አያ ፈንቴ ልጅ ነገር የጠየቃቸው ይመስል ፈገግ አሉ። «ሰው እንደምን አደርህ ሲለኝ ታምሜ አደርሁ ልበለው? ምን ሰላምታ ነው ይህ? መጀመሪያ እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል። ከዚያ ሰውየው ይቀመጣል። ውሎ አድሮ፣ ሲጨዋወቱ፣ ያመመውም ይነሣል።» ወደ ሣጥኗ እያመለከቱ ጨመሩ። «ድምፅህን እኮ ዐውቄው ነበር። ያ መምህሩ ነው፣ የኛው ልጅ፣ ይጠይቀኛል እያልሁ ደስ ይለኝ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ እንደምን አደርህ ብዬ በየማለዳው መልሼልሃለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልመለስህልኝም። የቸኮለ ሰው ነው ብዬ ተውሁህ።»

ምን እንዳልሁ አላስታውስም። ይቅርታ ሳልል አልቀርሁም፤ እሳቸውም «ኧረ ምን አደረግህ፣ ከላይ የመጣ ነው» አሉ። ዝናሽ ግን በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ሣጥኗን ከሶኬቱ ነቅላ እጄ ላይ አስቀመጠቻት።

«ፈረንጅ ቢሆን አልፈርድበትም ነበር፤ አያውቅም እላለሁ» አለችኝ። «አንተ የኛ ሰው ነህ ብዬ ነው እኮ ያመንሁህ። ውሰደው። ድምፅህን ከቤቴ አውጣልኝ።»

እንግዲህ ሩት ብትሆን ኖሮ ሣጥኗ በተሰካች ማግስት ያን ቤት ገብታ፣ ውሃ ለምና፣ ያን ፕላስተር በመጀመሪያው ብርጭቆ ታየው ነበር። እሷ አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም። እኔ በሰላምታው ያደግሁ ሰው፣ ማለዳ እንደምን አደሩ ሲባል አሞኛል የሚል ሽማግሌ በሕይወቴ ሰምቼ የማላውቅ ሰው፣ ሰላምታውን ጥያቄ አድርጌ መሣሪያ ውስጥ ከተትሁት። የማላውቀው ሰው ቤት ቢሆን እጠነቀቅ ነበር። የማውቀው ስለመሰለኝ አልሄድሁም።

የባሰው ግን ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ነው።

ኮሌጁ ኮሚቴ አቆመ። ረዥም ጠረጴዛ፣ ጋዲ፣ ሌሎች ሁለት ሰዎች፣ እኔና ሊያት። ጋዲ ቅጹን አንሥቶ አነበበ።

«የቤት ጉብኝት፣ ተደርጓል ይላል። ሊያት፣ ስንት ቤት ሄድሽ?»

«አንድም።»

«ታዲያ ለምን ተደርጓል ብለሽ ምልክት አደረግሽ?»

ሊያት ወደኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ጠበቀችኝ ብቻ። እኔ እጄ ላይ የነበረውን እስክሪብቶ አያለሁ። ክዳኑን ከፈትሁ፣ ዘጋሁ። በሰዓት የምከፈል ነኝ፣ ጡረታዬ አልደረሰም፣ በዚህ ኮሌጅ ከኢትዮጵያ የመጣሁ አስተማሪ እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔ ብወድቅ ለኋላ የሚመጡት በር ይዘጋል እያልሁ ለራሴ ሰበብ እደረድር ነበር። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ሰበብ ነው። ፈራሁ። ነገሩ ይኸው ነው።

ሊያት ታላቅን ሰው ፊት አታዋርጂ ተብላ ያደገች ልጅ ናት። እኔ ራሴ በዚህ ጠባይዋ አመሰግናት ነበር። ወደ ጋዲ ተመለሰችና «ታዑት ሼሊ» አለች። የኔ ስሕተት ነው ማለት ነው።

ጋዲ ወደኔ ዞሮ «አንተ እንግዲህ ተማሪዋ የጻፈችውን አምነህ ነው የፈረምኸው» አለ። ጥያቄ አልነበረም፤ እኔም እንደ ጥያቄ አልመለስሁትም። የሐሰት ሪፖርት ጽፋለች ተብሎ ሥራዋ ተሰረዘ፣ ለዓመት ታገደች። ዓመቱ ሲያልቅ ግን አልተመለሰችም። ያን ሰሞን በአንድ በዓል ዋዜማ ሩት ደውላ «ሁሉ ደህና ነው?» ስትለኝ «ቤሴዴር፣ ሩት፣ ሁሉ ደህና ነው» አልኋት። እሷም ሳልነግራት ሞተች።

እኔ ማስተማሬን ቀጠልሁ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ፕላስተር ፈልጉ፣ የመጀመሪያውን መልስ አትጻፉ እያልሁ ስድስት ዓመት አስተማርሁ። ስለ አያ ፈንቴም አስተማርሁ፤ «አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ እንዲህ ሠርታ ነበር» እያልሁ። ተማሪዎቹ ይጽፉ ነበር። አያ ፈንቴ ሲያርፉ ለቅሶ ቤቱ በር አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ ዝናሽ አይታኝ አልፋ ገባች።

ሣጥኗን ከመሳቢያ ባወጣሁ ማግስት ለጋዲ ደብዳቤ ጻፍሁ። ጉብኝቱን አታድርጊ ያልኋት እኔ፣ ምልክት አድርጊ ያልኋት እኔ፣ ኮሚቴው ፊት ዝም ያልሁ እኔ። መዝገቧ እንዲታረም ጠየቅሁ። ሰዓቱንም አብሬ መለስሁ። ቅጂውን ይዤ በአውቶቡስ ፖሌግ ወረድሁ። ሊያት አሁን እዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማሽን የተበላሸባቸው ሰዎች ሲደውሉ ስልክ የምታነሣ ሠራተኛ ናት። በምሳ ሰዓት ከሕንፃው በር ላይ ጠበቅኋት።

ስታየኝ ቆመች። ከዚያ እናቷ እንዳስተማረቻት ጎንበስ ብላ ጨበጠችኝ።

«እንደምን ነሽ፣ ሊያት?»

«ባሩክ ሀሼም፣ መምህር። ሀኮል ቤሴዴር።» እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉ ደህና ነው ማለቷ ነው።

ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ተቀመጥሁ። «እባክሽ ውሃ» አልኋት። ከአዳራሹ ማቀዝቀዣ በወረቀት ብርጭቆ ቀድታ አመጣችልኝ። ጠጣሁ። ስለ እናቷ ጠየቅኋት፣ ስለ ሙቀቱ አወራን። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ ዘረጋሁላትና «ሌላ ብትጨምሪልኝ» አልሁ።

ብርጭቆውን አየች፣ እኔን አየች። ምን እየሆነ እንደሆነ ገባት። ሄዳ ቀድታ ተመለሰችና ሰጠችኝ፤ አጠገቤም ተቀመጠች።

«አንተስ መምህር?» አለችኝ። «አንተ እንዴት ነህ?»

እግዚአብሔር ይመስገን የሚለው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ከውሃው ጋር ዋጥሁት።

«ደህና አይደለሁም» አልኋት፤ ደብዳቤውንም ሰጠኋት።

ቀስ ብላ አነበበችው። ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው። ሠራተኞቹ ምሳቸውን በልተው በአጠገባችን እያለፉ ይገቡ ነበር። ወረቀቱን በአራት አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና እጇን ጫነችበት።

«እኔም ደህና አይደለሁም፣ መምህር» አለች። «ያን ጊዜም አልነበርሁም።»

የምሳ ሰዓቷ ሲያልቅም አልተነሣችም።